የወደቀ አማኝ ሁሉ ግብዝ ነውን?

ጥያቄ፦ «በቤተ ክርስቲያን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን በቁጣ እሸነፋለሁ። በባለቤቴና በልጆቼ ላይ እጮኻለሁ፣ ወዲያው እጸጸታለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ እደግመዋለሁ። በሥራ ቦታዬም ያልሠራሁትን ትርፍ ሰዓት እንደ ሠራሁ አድርጌ በመዝገብ ላይ ፈርሜ ክፍያ የተቀበልሁባቸው ጊዜያት አሉ። ባለፈው ወር ለወጣቶቹ ስለ ታማኝነት አስተማርሁ። የመዝገቡን ነገር የሚያውቅ አንድ ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ ‹እናንተ አማኞች ሁላችሁም ግብዞች ናችሁ፤ ሃይማኖታችሁም ውሸት ነው› አለኝ። መልስ አጣሁ። በእርግጥ ግብዝ ነኝ? እስክስተካከል ድረስ ከቤተ ክርስቲያን መራቅ አይሻልም?»

መልስ፦ በቁጣ መሸነፍዎ ብቻውን ግብዝ አያሰኝዎትም። የመዝገቡን ፊርማ ደብቀው ስለ ታማኝነት ያስተማሩበት ዕለት ግን ግብዝነት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መራቅ ደግሞ ለሁለቱም መድኃኒት አይሆንም።

አስቀድሜ አንድ የተለመደ መልስ ከመንገድ ላንሣ። አማኝ «ግብዝ» ሲባል ቶሎ የሚመዝዘው «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» የሚለውን ነው። አባባሉ እውነት ነው፤ ያዕቆብም በመልእክቱ ሁላችን በብዙ ነገር እንሰናከላለን ይላል። ነገር ግን ባልደረባዎ የከሰሰዎት በዚህ አይደለም። ኃጢአት ሠርተሃል ቢልዎት ኖሮ «አዎን» ብለው ይጨርሱት ነበር። እርሱ ያለው «የሌለህን መልክ እያሳየህ ነው» ነው። ለዚህ ክስ የሰው ልጅን ሁሉ ድካም መጥቀስ በሕዝብ መካከል እንደ መሸሸግ ይቆጠራል፤ ሰሚውም ይህን ፈጥኖ ያውቀዋል።

ቃሉ ራሱ ይረዳናል። ወንጌላት የተጻፉበት የግሪክ ቋንቋ ግብዙን ሰው «ሂፖክሪቴስ» ይለዋል። በዘመኑ ይህ ስም በመድረክ ላይ ጭንብል አጥልቆ የሌላውን ሰው ጠባይ የሚጫወት ተዋናይ መጠሪያ ነበር። በግዕዙ ደግሞ ግብዝ «መድልው» ይባላል፤ ዛሬ «አድልዎ» ከምንለው ቃል ጋር ሥሩ አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት ሲገጣጠሙ የግብዝነትን ሁለት ፊት ያሳያሉ፤ አንደኛው ለሰው ዓይን ሲባል የሚጠለቅ መልክ ነው፣ ሁለተኛው ለራስ አንድ ለሌላው ሌላ ሚዛን መያዝ ነው። በሁለቱም ውስጥ «ያመነውን መፈጸም ያቃተው» የሚል ትርጉም አይገኝም። ለዚያኛው ሕመም የጥንት ፈላስፎች ሌላ ስም ነበራቸው። አርስቶትል «አክራሲያ» ብሎ በሰፊው መርምሮታል፤ ሰው በጎውን እያወቀ በስሜቱ ተሸንፎ ክፉውን ሲያደርግ ማለት ነው። ጳውሎስም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 7 የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የማይወደውን ክፉ ነገር እንደሚያደርግ የሚናገረው ስለዚሁ ሕመም ነው። ቁጣዎን የምመድበው ከዚህ ወገን ነው፤ ሲጮኹም ሲጸጸቱም የሚያምኑት ነገር አልተለወጠም፣ ለማንም ትዕግሥተኛ መስለው ለመታየት አልሞከሩም ብዬ አስባለሁና። በጥናቱ ላይ ስለ ትዕግሥት ሲያወሩ ራስዎን አርአያ አድርገው ከሆነ ግን ፍርዴን እለውጣለሁ።

ኢየሱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ግብዞችን የሚገልጽባቸው ሦስት ሥራዎች ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ሦስቱም በጎ ሥራዎች ናቸው፤ ጥፋቱ የሚታየው በተመልካቹ ምርጫ ላይ ነው። «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» የሚለው ሐረግ በግሪክኛው በጊዜው ነጋዴዎች በደረሰኝ ላይ ይጽፉት የነበረ ቃል ነው፤ ሒሳቡ ተዘግቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚጠየቅ የለም እንደ ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ ጾመኛው ራሱን ተቀብቶ ፊቱን ታጥቦ እንዲወጣ፣ ጾሙን እንዲሰውር ታዟል። ስለዚህ መሰወር ሁሉ ግብዝነት አይደለም። ድካምዎን በየአደባባዩ አለመናዘዝዎም ግብዝ አያሰኝዎትም። ይህን የምለው ብዙ ቅን ሰዎች «ሁሉን ለሁሉ ካልነገርሁ አስመሳይ ነኝ» ብለው ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ሲያቆስሉ ስላየሁ ነው።

ልዩነቱን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየኝ የጴጥሮስ ታሪክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወድቋልና። በመጀመሪያው በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ዳር ተቀምጦ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ፤ በማቴዎስ እንደ ተጻፈው በመሐላና በእርግማን ጭምር። ከዚህ የሚከፋ ክህደት ይኖራል ማለት ያስቸግራል። ሆኖም ስለዚያ ሌሊት «ግብዝ ሆነ» ብሎ የጻፈ ወንጌላዊ የለም። ዶሮ ጮኸ፣ ጌታም ዘወር ብሎ አየው፣ ጴጥሮስም ወደ ውጭ ወጥቶ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሁለተኛው ውድቀት በአንጾኪያ ነው፤ ጳውሎስ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 ይተርከዋል። ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ከሆኑ አማኞች ጋር በአንድ ማዕድ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ የመጡ ከአይሁድ ወገን የሆኑ ሰዎች ሲደርሱ ቀስ ብሎ ራሱን ከማዕዱ ለየ። አልማለም፣ አልካደም፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ከአፉ የወጣ አንድ የሐሰት ቃል እንኳ አልተጻፈም። ያደረገው ወንበር መቀየር ነው ቢባል ያስኬዳል። ጳውሎስ ግን «ግብዝነት» ያለው ይህንን ነው፤ በርናባስ እንኳ በዚያ እንደ ተሳበ በኀዘን ይጨምራል።

በሁለቱም ውስጥ ፍርሃት አለ፤ በሁለቱም ውስጥ ጴጥሮስ ያልሆነውን መስሏል። የሚለያዩት በለበሰው ልብስ ነው። በግቢው ውስጥ ነፍሱን ለማዳን ጌታውን የማያውቅ ሰው መሰለ፤ ያ ልብስ የጽድቅ ልብስ አልነበረም፣ ክብርም አላስገኘለትም። በአንጾኪያ ግን የለበሰው የጻድቅ፣ የሕግ አክባሪ ልብስ ነው፤ ልቡ የማያምንበትን ጥንቃቄ በፊታቸው አሳየ፤ የእርሱም ትወና ሸክም ሆኖ የወረደው በሌሎች ጫንቃ ላይ ነው፤ አሕዛብ አማኞች ከማዕዱ ተገለሉ። ስለዚህ የኃጢአት ክብደትና ግብዝነት በአንድ መስፈሪያ አይሰፈሩም። ከባድ ኃጢአት ያለ ግብዝነት ሊሠራ ይችላል፤ ከወንበር መነሣትን በመሰለ ትንሽ ነገርም ትልቅ ግብዝነት ሊፈጸም ይችላል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ይህንኑ ያጸናል። ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ከፍለው አስቀሩ። ጴጥሮስ ግን ገንዘቡ ከሽያጩ በኋላም በሥልጣናቸው ሥር እንደ ነበረ በግልጽ ነገራቸው። ግማሹን ሰጥተው «ግማሹ ይኸው» ቢሉ የሚከሳቸው አልነበረም። የጠፉት ከፊሉን እንደ ሙሉ አድርገው በማቅረባቸው ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። ውድቀት ወደ ግብዝነት የሚሸጋገረው አንድ ቀን በድንገት አይደለም። ዳዊትን እንደ ምሳሌ የምወስደው ለዚህ ነው። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 መጀመሪያ ላይ የምናየው በምኞት የተሸነፈ ንጉሥ ነው። ቤርሳቤህ መፅነሷን ስትልክበት ግን ሌላ ሥራ ጀመረ። ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራው፤ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ገፋፋው፤ ኦርዮ ጓደኞቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ በቤቴ አልተኛም ብሎ በቤተ መንግሥቱ ደጅ አደረ። በማግስቱም አሰከረው፤ እንቢ አለ። በመጨረሻ የሞቱን ትእዛዝ የያዘውን ደብዳቤ ራሱ ኦርዮ ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ይዞ እንዲሄድ ሰጠው። እያንዳንዱ እርምጃ የፊተኛውን ለመሸፈን የተወሰደ ነው፤ ሽፋኑ ከጥፋቱ ይልቅ ብዙ ድካምና ብዙ ደም ጠየቀ። ከዚያ ነቢዩ ናታን መጥቶ ብዙ መንጋ ስለነበረው ባለጠጋና ከጉርሱ ያበላት፣ ከዋንጫው ያጠጣት አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃ ነገረው። ዳዊትም እጅግ ተቆጣ፤ ይህን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል፣ ስለ በጊቱም አራት እጥፍ ይመልስ ብሎ ፈረደ። በነገራችን ላይ ፍርዱ ትክክል ነው፤ በዘጸአት 22 ለተሰረቀ በግ የተደነገገው ካሳ ይኸው አራት እጥፍ ነው። ዳዊት ሕጉን አልሳተም፤ የሳተው ራሱን ነው። «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪባል ድረስ በአንዱ በግ የሚነድ፣ በአንዱ ሰው ሞት የሚረጋጋ ዳኛ ሆኖ ተቀምጦ ነበር።

እርስዎ ስለ ታማኝነት ባስተማሩበት ዕለት የተቀመጡት በዚያ ወንበር ላይ ነው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 2 «አትስረቅ ብለህ የምትሰብክ ትሰርቃለህን?» ብሎ ይጠይቃል። ላልተሠራ ሰዓት ፈርሞ ክፍያ መቀበል በማንኛውም ቋንቋ ስርቆት ነው፤ «የወረቀት ጉዳይ» ወይም «ሁሉም የሚያደርገው» ብለው አያለዝቡት። ሆኖም ዳዊት በንግግሩ መጨረሻ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፤ ምክንያት አልደረደረም፣ ናታንንም ከፊቱ አላስወጣም። ግብዝነት ሊፈወስ የማይችል ማንነት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ያበቃ ነበር። ስለዚህ «ግብዝ ነኝ?» ከሚለው ይልቅ «የቱ ላይ ግብዝ ሆንሁ?» ብለው ቢጠይቁ እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛው ሥራ ይሰጣል።

ራስን መሳት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ የሥነ ልቦና ምርምርም አሳይቷል። ዳንኤል ባትሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች አንዱ ሽልማት ያለው ሌላው አሰልቺ የሆኑ ሁለት ሥራዎችን ለራሳቸውና ለማያዩት ሌላ ሰው እንዲያከፋፍሉ ተጠየቁ፤ ፍትሐዊው መንገድ ሳንቲም ጥሎ ዕጣ ማውጣት እንደ ሆነም ተነገራቸው። ሳንቲሙን ከጣሉት መካከል እጅግ የሚበዙት መልካሙን ሥራ ለራሳቸው ሰጡ፤ ሳንቲም ግን እንዲህ አያዳላም። ፍትሐዊ የመምሰሉን ሥርዓት ፈጽመዋል፣ ውጤቱን ግን ወደ ራሳቸው ጎትተዋል። ቡድኑ ከሁለት ዓመት በኋላ ተሳታፊዎቹን በመስታወት ፊት ሲያስቀምጣቸው አድልዎው ጠፋ። ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስታወት አይቶ ወዲያው ከሚረሳ ሰው ጋር ያመሳሰለው በከንቱ አይደለም።

ባልደረባዎ ግን ሁለት ነገር ነው የተናገረው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ስለ እርስዎ ያለው በከፊል ትክክል ነው። «ሃይማኖታችሁም ውሸት ነው» ያለው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። የሚያጨስ ሐኪም ትንባሆ ሳንባን ይጎዳል ቢል ማጨሱ ቃሉን ሐሰት አያደርገውም፤ ሐኪሙን ብቻ ያሳፍረዋል። ኢየሱስ ራሱ በማቴዎስ 23 ጻፎችና ፈሪሳውያንን ከመገሠጹ በፊት ሕዝቡ የሚሏቸውን እንዲጠብቁ፣ እንደ ሥራቸው ግን እንዳያደርጉ አዝዟል። ቤተ ክርስቲያንም ጥያቄውን ቀድማ ተከራክራበታለች። እ.ኤ.አ. በ303 የተጀመረው የሮማው ንጉሠ ነገሥት የዲዮቅልጥያኖስ ስደት ካለፈ በኋላ በሰሜን አፍሪካ የነበሩት ዶናቲስቶች፣ በስደቱ ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለአሳዳጆች አሳልፈው የሰጡ አባቶች የሚፈጽሙት ምሥጢር ዋጋ የለውም አሉ። በ314 በአርል ከተማ የተሰበሰበው የጳጳሳት ጉባኤ፣ ኋላም በሰፊው የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ይህን አልተቀበሉም፤ ስጦታው የሚሰጠው የክርስቶስ ነው እንጂ የአገልጋዩ ንጽሕና ያፈራው አይደለም የሚል ነበር መልሳቸው።

ይሁን እንጂ ይህን ክርክር ለባልደረባዎ እንዲያቀርቡለት አልመክርም፤ ቢያንስ አሁን አይደለም። ከተከሳሽ አፍ ሲወጣ ትክክለኛ አመክንዮ እንኳ ማምለጫ ይመስላል። ደግሞም የአማኝ ሕይወት ለሌላው ሰው ማስረጃ መሆኑን አዲስ ኪዳን አይክድም፤ በእናንተ ሰበብ የእግዚአብሔር ስም ይሰደባል የሚለው ቃል የተጻፈው ለሃይማኖተኞች ነው። ሰዎች ግብዝን የሚጠሉበት ምክንያትም ፍትሐዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጂሊያን ጆርዳንና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ግብዝ የሚጠላው ሌላውን በማውገዙ ራሱ ንጹሕ እንደ ሆነ በሐሰት ስለሚጠቁም ነው። ጥፋቱን እያወገዘ እርሱም አንዳንድ ጊዜ እንደሚሠራው የሚናገረውን ሰው ግን ተሳታፊዎቹ በዚያ መጠን አልጠሉትም።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ልጨምር። «ድካሜ ነው» የሚለው ቃል ለተጎዳ ሰው መሸፈኛ ሆኖ እንዳይቀርብ። የቤት ውስጥ ጩኸትዎ ባለቤትዎና ልጆችዎ እርስዎን ወደ መፍራት የሚያደርስ ከሆነ፣ ይልቁንም እጅዎ የሚነሣ ከሆነ፣ ጉዳዩ የእርስዎ መንፈሳዊ ትግል ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእነርሱ ደኅንነት ጉዳይ ሆኗል፤ ንስሓ ብቻውን አይበቃም፣ ቁጣን በማከም የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ለጊዜው መለየትም ሊያስፈልግ ይችላል። በልጆች ላይ በደል፣ በወንጀል፣ በአገልጋይ ሥልጣን አላግባብ መጠቀም ላይ «ሁላችንም ደካሞች ነን» ብሎ ነገሩን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማፈን ከጥፋቱ ቀጥሎ የሚመጣ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ለሕግ መቅረብ ያለበት ለሕግ ይቀርባል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ሳይሰማቸው ሲጸልዩ፣ ልባቸው ሲባዝን ሲዘምሩ «እያስመሰልሁ ነው» ብለው የሚጨነቁ አሉ። ስሜት ሲደርቅ ቃል ኪዳንን ጠብቆ መጸለይ ታማኝነት ይባላል። ይህ ጭንቀት ቀንና ሌሊት የሚያሳድድ፣ ኑዛዜን ደጋግሞ የሚያስደግም ከሆነ ከነፍስ አባት ጋር የሥነ አእምሮ ሐኪምም ማየት ይገባል።

ከቤተ ክርስቲያን መራቁን አጥብቄ እቃወማለሁ። በሉቃስ 18 ሁለቱም ሰዎች ወደ መቅደስ ወጡ፤ ጸድቆ የተመለሰው ግን «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ያለው ቀራጭ ነው። ንጹሕ እስኪሆን በቤቱ ቢቆይ ኖሮ እስከ ዛሬም አይወጣም ነበር። በማቴዎስ 5 መባውን ይዞ ወንድሙ እንደ ተቀየመው ያስታወሰ ሰው ምን እንደ ታዘዘ ይመልከቱ፤ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ ይሄዳል፣ ይታረቃል፣ ተመልሶም ያቀርባል። መባው እዚያው ይጠብቀዋል። መሄዱ የአንድ ጉዳይ መሄድ ነው።

ማስተማሩን ግን ለጊዜው ያቁሙ። ያዕቆብ አስተማሪዎች የባሰ ፍርድ እንደሚቀበሉ ጽፏል፤ ይህን ማለቴ ወጣቶቹ ወደፊት እውነቱን ሲሰሙ የሚወድቅባቸውን ሸክም በማሰብ ነው። አስቀድመው ለነፍስ አባትዎ፣ በቤተ ክርስቲያንዎ ሥርዓት ያ ከሌለ ለአንድ ለበሰለ ሽማግሌ፣ የመዝገቡን ነገር በቁጥር ይንገሩ፤ «ታማኝነት ጎድሎኛል» ሳይሆን «ይህን ያህል ሰዓት፣ በእነዚህ ወራት» ይበሉ። ግርድፍ ኑዛዜ አንዱ የመሸሸጊያ ዘዴ ነውና። ቀጥለው ለአለቃዎ ተናግረው ገንዘቡን ይመልሱ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው። እርምጃው ቅጣት፣ ምናልባትም ከሥራ መባረር ሊያስከትል ይችላል፤ ይህን አላቀልልዎትም። እንዴት እንደሚናገሩ የሕግ ባለሙያ ማማከር ነውር የለውም፤ ምክሩ ወደ ዝምታ እንዳይለወጥ ብቻ ይጠንቀቁ። ውጤቱ ባለቤትዎን ስለሚነካ ከአለቃዎ በፊት እርሷ ትስማ። መቼ ወደ ማስተማር እንደሚመለሱ እርስዎ አይወስኑ፤ የነገሩት ሰው ይወስን።

ለባልደረባዎ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚሉት አጭር ነው፦ «ስለ መዝገቡ ያልኸው ልክ ነበር፤ ተናግሬያለሁ፣ ገንዘቡንም መልሻለሁ።» ስለ ሃይማኖቱ መከራከር ከፈለገ በዚያን ጊዜ ይቀመጡና ይከራከሩ።